ሕጉ ያለው አልጋው አጠገብ ነው፦ ለመጀመሪያ ጊዜ ዋርድ ለምትገቡ የነርስ ተማሪዎች

ጋዋናቸው ገና የእጥፋቱ መስመር አልለቀቀም። በየዓመቱ እንደዚያ ሆነው ይመጣሉ። የኪስ ደብተር፣ ሁለት እስክሪብቶ፣ አንገት ላይ የተንጠለጠለ መታወቂያ። ጅማ ውስጥ በነርስነት ስሠራ 17 ዓመቴ ነው፤ ተማሪ ያልተቀበልኩበት ዓመት ትዝ አይለኝም። በቅርቡ አንዷ ቡና እየጠጣን፣ “ሲስተር፣ የሥነ ምግባርና የሕግ ኮርሱን ኤ ነው ያመጣሁት። ዋርድ ውስጥ ግን የቱ ጋ እንዳለ አላገኘሁትም” አለችኝ።

እውነቷን ነው። ክፍል ውስጥ ሕግ አንቀጽ ነው። ዋርድ ውስጥ ግን ስም መጠየቅ ነው፣ መጋረጃ መሳብ ነው፣ ትንፋሽ መቁጠር ነው። ይህን የምጽፈው ለእሷና ከእሷ ኋላ ለምትመጡት ነው።

ከስም ጀምሩ

“ፋጡማ ነሽ?” ብላችሁ አትጠይቁ። “ስምሽን ከነአባትሽ፣ ከነአያትሽ ንገሪኝ” በሉ። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። እኛ አገር ግን በአንድ ዋርድ ሁለት ከድር፣ ሦስት ፋጡማ ማግኘት ብርቅ አይደለም።

ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት አዳር ተረኛ ነበርኩ። ሁለት ፋጡማዎች ተኝተዋል፤ አንዷ አልጋ 6፣ አንዷ አልጋ 9። አንደኛዋ የስኳር ታካሚ ናት። ኢንሱሊኑን ቀድቼ በሩ ላይ ቆምኩና “ፋጡማ!” ብዬ ተጣራሁ። ቅርብ ያለችው “አቤት” አለች። ብርድ ልብሷን ገልጣ ክንዷን ሰጠችኝ። በአልኮል ጠርጌ መርፌውን ላስገባ ስል እናቷ ከወለሉ ምንጣፍ ላይ ቀና አሉና “የልጄ መርፌ የጠዋት አይደለም እንዴ?” አሉኝ። ካርዱን አየሁ። የአያት ስሙ ሌላ ነው። እጄ ላይ ያለው ኢንሱሊን፣ ፊቴ ያለችው ስኳር የሌለባት፣ እራቷንም ያልበላች ልጅ። ብወጋት ኖሮ ስኳሯ እንቅልፍ ላይ ይወርድ ነበር። ተኝታለች ብለን እናልፋት ነበር።

ስለዚህ ሁልጊዜ ሁለት ነገር አመሳክሩ፦ ሙሉ ስም እስከ አያትና የካርድ ቁጥር። የአልጋ ቁጥር መታወቂያ አይደለም፤ ሰው አልጋ ይቀይራል። መድኃኒት ስትሰጡ፣ ደም ስትቀዱ፣ ደም ስትሰጡ፣ ኦፕራሲዮን ክፍል ስትሸኙ፣ በየጊዜው እንደ አዲስ ጠይቁ። ታካሚው “ጠዋት ነግሬሽ የለ?” ብሎ ቢቆጣ፣ “ለእርስዎ ጥንቃቄ ብዬ ነው” በሉ። ማንም በዚህ ተቀይሞ አያውቅም።

ቋንቋውን አትርሱ። ከሰቃ፣ ከዴዶ፣ ከሊሙ የሚመጡ ብዙዎች አማርኛ አይሰሙም። ከዳውሮና ከካፋም ይመጣሉ። ያልገባው ሰው ሐኪም ፊት አንገቱን ይነቀንቃል። የምትሉትን ሁሉ በኦሮምኛ “ኤዬ” (አዎ) ይላችኋል፤ ይሉኝታ ነው እንጂ መስማማት አይደለም። “መቃን ኬሰን ኤኙ?” (ስምዎ ማነው?) ማለት ለመልመድ አንድ ቀን ይበቃል። ለከበደው ነገር ቋንቋውን የሚያውቅ ባልደረባ ጥሩ። ስለ እናቲቱ ማሕፀን የአሥር ዓመት ልጇን አስተርጓሚ አታድርጉ። ይህን ሲደረግ አይቻለሁ፤ ልጁም እናቱም መሬት መሬት ያዩ ነበር።

ፈቃድ ፎርም አይደለም

ከመንካታችሁ በፊት ማን እንደሆናችሁ ተናገሩ። “የነርስ ተማሪ ነኝ፤ ከሲስተር ጋር ነው የምሠራው። ግፊትዎን ልለካዎት?” በሉና መልሱን ጠብቁ። ተማሪ መሆናችሁን አትደብቁ። ታካሚው በተማሪ አልታይም ካለ መብቱ ነው፤ አመስግናችሁ ሲኒየሯን ጥሩ።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 20፣ ሰው የሕክምና ምርመራን ወይም ቀዶ ሕክምናን በማንኛውም ጊዜ አልቀበልም ማለት እንደሚችል ይናገራል። “በማንኛውም ጊዜ” የሚለው ላይ አስምሩበት። ትናንት የፈረመ ሰው ዛሬ ኦፕራሲዮን ክፍሉ በር ላይ “ተውኩት” ቢል ሙሉ መብት አለው። የእናንተ ሥራ ማስፈራራት አይደለም፤ ምን እንዳስፈራው መጠየቅና ለሐኪሙ መንገር ነው።

አሁን አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ለብዙ ሰው ያወራሁት አይደለም። አንድ አባት ነበሩ፣ ቡና አብቃይ። በስኳር ምክንያት እግራቸው እስከ ቁርጭምጭሚት ጠቁሯል። ትልቁ ልጃቸው ኮሪደር ላይ ያዘኝና “እንደሚቆረጥ ለሳቸው እንዳትነግሪያቸው፤ ይደነግጣሉ። እኔ እፈርማለሁ” አለኝ። ፈረመ። እኔም ፎርሙን ካርዱ ውስጥ አስገባሁት። ጠዋት አልጋቸውን እየገፋን “ወዴት ነው?” አሉኝ። “ለእግርዎ ነው አባባ” አልኳቸው። ቁስሉን ልናጥብላቸው መስሏቸዋል። ማታ ሲነቁ ብርድ ልብሱን ገለጥ አድርገው አዩ። አላለቀሱም፣ አልጮሁም። ወደ እኔ ዞረው “አንቺ ታውቂ ነበር?” ብቻ አሉ።

አውቅ ነበር። እኚያ ሰው አእምሯቸው ንጹሕ ነበር። የቡናቸውን ዋጋ በኪሎ አስልተው ይነግሩኝ የነበሩ ሰው ናቸው። በራሳቸው እግር ላይ እኛ ኮሪደር ላይ ወሰንን።

ደንቡ እንዲህ ነው። ዕድሜው 18 የሞላና የሚያስተውል ሰው ለራሱ ይወስናል፣ ለራሱ ይፈርማል። የበኩር ልጅ በአባቱ ፈንታ አይፈርምም። ባል በሚስቱ ፈንታ አይፈርምም። ለአካለ መጠን ላልደረሰ ልጅ ወላጅ ወይም አሳዳጊ ይወስናል። ራሱን ስቶ የመጣና ቤተሰብ ያልተገኘለት ሰው ሕይወቱን የሚያድነው ነገር ይደረግለታል፤ ፊርማ ፍለጋ እየተባለ አይሞትም።

ቤተሰብን ግፉ ማለቴ አይደለም። እዚህ አገር ሰው ብቻውን አይታመምም። አስታማሚ ነው የሚያበላው፣ የሚያጥበው፣ ደም የሚሰጥለት። መንገዱ ታካሚውን ራሱን መጠየቅ ነው፦ “ስለ ሕመምዎ ልጆችዎ ባሉበት እንንገርዎ ወይስ ለብቻዎ?” አንዳንዱ “ለልጄ ንገሩት፣ እሱ ይወስን” ይላል። ይሄ ራሱ የእሱ ውሳኔ ነው፤ ካርዱ ላይ ይጻፍ። ልጁ ኮሪደር ላይ ከነገረኝ ጋር ግን የሰማይና የምድር ያህል ይለያያል።

ስለ ኦፕራሲዮኑ የማስረዳት ግዴታ ያለበት የሚሠራው ሐኪም ነው። ተማሪ አያስፈርምም፣ ምስክር ሆኖም አይፈርምም። አንድ ነገር ግን ማድረግ ትችላላችሁ፤ እኔ ከዚያ ቀን ወዲህ ሳላደርገው ቀርቼ አላውቅም። ወደ ኦፕራሲዮን ክፍል ከማጀባችሁ በፊት “ምን እንደሚደረግልዎ እስቲ በራስዎ አነጋገር ይንገሩኝ” በሉ። “እግሬን ሊያጥቡኝ ነው” ካሉ አልጋውን አቁሙና ሐኪሙን ጥሩ። ማንበብ ለማይችል ሰው ደግሞ አውራ ጣቱ ቀለም ከመንካቱ በፊት ፎርሙ በሚሰማው ቋንቋ ይነበብለት።

ባጃጅ ውስጥ የተወራው

ሁለት ተማሪዎች ከዋርድ ወጥተው ወደ መርካቶ በባጃጅ ይሄዳሉ። ስም አልጠሩም። “የአልጋ 4ቷ፣ ያቺ ከአጋሮ የመጣችው፣ አስተማሪዋ፣ ኤች አይ ቪዋ ፖዘቲቭ ሆነ” ነው ያሉት። አጠገባቸው የተቀመጠችው ሴት በፌስታል ምሳ ይዛ የነበረችው ለአልጋ 4 ነው። ፌስታሉን ይዛ ወረደችና ተመለሰች። ዋርዱ ውስጥ የሆነውን አልጽፈውም።

ጅማ ትንሽ ከተማ ናት። አገር፣ ሥራና ሕመም ከተነገረ ስም መጥራት አያስፈልግም።

በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 399 የሙያ ምስጢር ማውጣት ወንጀል ነው። ከሐኪሙ፣ ከፋርማሲስቱና ከአዋላጇ ጋር ነርስም ተጠቅሳለች። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 ላይ የግል ሕይወትን ይጠብቃል። ስለ ታካሚ የምታወሩት እሱን ከሚያክሙት ጋር፣ ለሕክምናው በሚያስፈልገው ልክ ብቻ ነው። ፍርድ ቤት ከጠየቀም በኃላፊ በኩል ነው እንጂ በእናንተ አይደለም።

ስልካችሁን አስቡበት። የቁስል ፎቶ አንስቶ በክፍሉ የቴሌግራም ግሩፕ መለጠፍ ትምህርት አይደለም። ፊቱ አይታይም ትሉኛላችሁ፤ አንባሩ ይታያል፣ የአልጋው ልብስ ይታያል፣ ንቅሳቱ ይታያል። ለትምህርት ካስፈለገ ታካሚው ይፈቅዳል፣ መምህራችሁ ያውቃል፣ ከዚያ ነው የሚነሳው።

አስታማሚዎችም ይጠይቃሉ፤ ከክፋት አይደለም፣ አብሮ መኖር ነው። “ያኛው ምን ሆኖ ነው?” ሲሏችሁ “እሱን ራሱን ይጠይቁት፣ እኔ አልናገርም” በሉ። ካርድ ክፍት ትታችሁ አትሂዱ። ካቴተር (የሽንት ቱቦ) ስታስገቡ፣ ቁስል ስታጥቡ፣ ሽንት ስታስሸኑ መጋረጃ ሳቡ። መጋረጃ ከሌለ ነጠላም ቢሆን አስታማሚዎቹ ይያዙላችሁ። ሰው ራቁቱን ሆኖ የሰባት ሰው ዓይን ሊያርፍበት አይገባም።

ትንፋሹን ቁጠሩ

ካርድ አገላብጣችሁ እዩ። ሙቀት ይለያያል፣ የልብ ምት ይለያያል፣ ትንፋሽ ግን ሁሌ 20 ነው። ሰው ሁሉ በደቂቃ ሃያ ጊዜ ይተነፍሳል ማለት ነው? ማንም አልቆጠረም ማለት ነው።

እኔም ተማሪ ሳለሁ 20 ብዬ ጽፌያለሁ። አንዲት እናት ከወሊድ በኋላ አንዘፍዝፏት ማግኒዚየም ሰልፌት በሚባለው የመንዘፍዘፍ መድኃኒት ላይ ነበረች። የዋርዱ ትልቋ ነርስ ካርዱን አየችና ምንም ሳትል እጇን የእናቲቱ ደረት ላይ አኖረች። የሰዓቷን ቀጭን ቆጣሪ እያየች ሙሉ ደቂቃ ቆመች። “11” አለች። “አንቺ ስንት ጻፍሽ?” መልስ አልነበረኝም። ጉልበቷን በመዶሻው መታ መታ አደረገች፤ አልዘለለም። ቀጣዩን መርፌ አስቀረች፣ ሐኪሙን አስጠራች፣ ማርከሻው ካልሲየም ግሉኮኔት ተሰጣት። እናቲቱ በአምስተኛው ቀን ልጇን አቅፋ ወጣች። በእኔ ቁጥር ቢሆን ኖሮ ቀጣዩ መርፌ ይሰጣት ነበር፤ ትንፋሿም ይቆም ነበር።

ለዚያ መድኃኒት ሦስት ነገር ሳይታይ ቀጣዩ አይሰጥም፦ ትንፋሽ ቢያንስ 16፣ ጉልበት ሲመታ መዝለሉ፣ ሽንት ቢያንስ በሰዓት 30 ሚሊ ሊትር። ለሌላውም ታካሚ አቆጣጠሩ ያው ነው። የእጁን ምት ቆጥራችሁ ስትጨርሱ አንጓውን አትልቀቁ፤ አሁንም የልብ ምት የምትቆጥሩ ምሰሉና ደረቱን እያያችሁ 60 ሰከንድ ቁጠሩ። ትንፋሹ እየተቆጠረ መሆኑን ያወቀ ሰው አተነፋፈሱን ይቀይራል። ጤነኛ አዋቂ ሲያርፍ ከ12 እስከ 20 ይተነፍሳል። ያልለካችሁትን ባዶ ተዉት፤ ባዶ ቦታ ያየ ሰው ይለካል፣ 20 ያየ ሰው ግን ያልፋል።

ስለ ካርዱ ሌላም አለኝ። “ያልተጻፈ አልተሠራም” ሲባል ሰምታችኋል፤ እውነት ነው። ክስ ቢመጣ ከአምስት ዓመት በኋላ የሚናገረው ካርዱ ነው። ከሠራችሁ በኋላ ጻፉ እንጂ ከመሥራታችሁ በፊት አትጻፉ። ብትሳሳቱ አንድ መስመር አስምሩበት፣ የተሰረዘው ይነበብ፣ አጠገቡ ትክክለኛውን ጽፋችሁ ፈርሙ። ነጭ ቀለም አትቀቡ፣ ገጽ አትቅደዱ። “ታካሚው አስቸጋሪ ነው” አይጻፍም፤ “መድኃኒቱን ሦስት ጊዜ አልወስድም አለ፣ ያቅለሸልሸኛል አለ” ይጻፍ።

ሰዓቱን ደግሞ ልብ በሉ። ሐኪሙ 8:00 ብሎ ጠዋት ሁለት ሰዓት ማለቱ ነው፤ ተማሪው ከቀኑ ስምንት ሰዓት ብሎ ያነበዋል። መድኃኒቱ ስድስት ሰዓት ዘገየ። ቀኑም እንዲሁ፤ ግማሹ በእኛ፣ ግማሹ በፈረንጅ። በዋርዳችሁ የትኛው እንደሚሠራበት በመጀመሪያው ቀን ጠይቁ። ያልገባችሁን ሰዓት አትገምቱ፤ ትእዛዙን የጻፈውን ሰው ጠይቁ።

“አላውቀውም” ማለት

ገና የሙያ ፈቃድ የላችሁም። የምትሠሩት ፈቃድ ባለው ሰው ዓይን ሥር ነው። ሥራ ሲበዛ ግን “አንተ ስጠው፣ መጣሁ” የሚል አይጠፋም። ያኔ የሚባለው ይሄ ነው፦ “ሲስተር፣ ይሄን ሠርቼው አላውቅም፤ አብረን እናድርገው።” ድምፃችሁን ከፍ ማድረግ አያስፈልግም። ብትቆጣ ትቆጣ። በተለይ የፖታሲየም ብልቃጥ እጃችሁ ላይ ከገባ ቁሙ። ሳይበጠበጥ በቀጥታ በደም ሥር ከተገፋ ልብ ያቆማል።

በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2031 መሠረት ባለሙያ የሙያውን ደንብ የማክበር ግዴታ አለበት። ግዴታውን አለማወቁን በሚያሳይ ቸልተኝነት ደንቡን ከጣሰ ይጠየቃል። የሰው ሕይወት ካለፈ ደግሞ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 543 አለ። ሕይወት የመጠበቅ ግዴታ ያለበት ባለሙያ በቸልተኝነት ሲገድል ቅጣቱ ከተራው ሰው ይከብዳል። ካሳውን ተቋሙ ሊከፍል ይችላል፤ የወንጀል ጥፋት ግን ያጠፋው ሰው ነው።

ስሕተት ከሠራችሁ ወዲያው ተናገሩ። ከአንድ ሰዓት በኋላ አይደለም፣ አሁን። አብዛኛው የመድኃኒት ስሕተት በጊዜው ከታወቀ የሚደረግለት ነገር አለ።

የተቸገረ ሰው ሲመጣ

ገንዘብ የለውም፣ አስታማሚ የለውም፣ ሽቷል፣ ጠጥቷል ተብሎ ወንበር ላይ የሚረሳ ሰው ታያላችሁ። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 537 ብርቱ ችግር ላይ ያለን ሰው በግድየለሽነት፣ በራስ ወዳድነት ወይም በንቀት አላክምም ያለ ባለሙያን ይቀጣል፤ ነርስንም። እናንተ ማዘዝ አትችሉም። ግፊቱን፣ ትንፋሹን፣ ሙቀቱን ለክታችሁ ቁጥሩን ይዛችሁ ሐኪሙ ፊት መቆም ግን ትችላላችሁ። “አንድ ሰው አለ” ብትሉት ያልፋችኋል። “ግፊቱ 70 በ40 ነው” ብትሉት ይነሳል።

ተደፍራ ያረገዘች ልጅም ትመጣለች። የዚሁ ሕግ አንቀጽ 551 እንዲህ ባለው ሁኔታ ጽንስ ማቋረጥን ይፈቅዳል፤ ቀጣዩ አንቀጽ ደግሞ ለማስረጃ የእሷን ቃል ብቻ በቂ ያደርጋል። ስለዚህ “የፖሊስ ወረቀት የታለ?” ብላችሁ አትጠይቁ። “መቼ ነው? ማነው? ለምን አልጮህሽም?” እያሉ መመርመር የእናንተ ሥራ አይደለም። ወንበር ስጧት፣ በሩን ዝጉ፣ የሚመለከታትን ባለሙያ ጥሩ።

መርፌ ቢወጋችሁ

ይሄ የራሳችሁ ጉዳይ ነው፤ ተማሪ ደግሞ ሐፍረት ይይዘውና ይደብቃል። ያገለገለ መርፌ መልሳችሁ አትክደኑ፤ ቀጥታ ሴፍቲ ቦክስ (የመርፌ መጣያ ሳጥን) ውስጥ ይግባ። ሳጥኑ ሦስት አራተኛ ከሞላ አትግፉበት፣ ይቀየር። ከተወጋችሁ ቦታውን በውኃና በሳሙና እጠቡ፤ አትጭመቁ፣ በረኪና አታፍሱበት። ቶሎ ለኃላፊዋ ንገሩ፣ ይመዝገብ። የኤች አይ ቪ መከላከያው መድኃኒት በሰዓታት ውስጥ ቢጀመር ይመረጣል፣ ከ72 ሰዓት ማለፍ የለበትም፤ የሚወሰደውም ለ28 ቀን ነው። የሄፓታይተስ ቢ ክትባታችሁንም ዋርድ ከመግባታችሁ በፊት ጀምሩ።

የተወጋችሁት ሌሊት ከሆነ እስኪነጋ አትጠብቁ። ተረኛዋን ቀስቅሱ።